በቀኝ በኩል ሰላም አይባልም

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣሁ። ፊቴን በግራ እጄ ታጠብኩ። ጓሮ ወጥቼ የረገፈውን ማንጎ ለቀምኩ፤ የፈነዳውን ለጎረቤት ፍየሎች ወረወርኩላቸው፣ ደህናውን በሳፋ አስቀመጥኩ። ከዚያ ማንጎው ግንድ ላይ ያሰርኩትን የባጃጅ ጎማ ካላማዳሪ በቀኝ እጄ ጨብጬ፣ ክርኔን ከጎኔ ሳላላቅቅ ወደ ውጭ ሳብኩ፣ መለስኩ፣ ደግሞ ሳብኩ። ካላማዳሪው ሲሳብ እንደ ተቆጣ ዳክዬ ይጮኻል። የጎረቤት ውሻ ይመልስለታል። ውሻው ሲሰለቸው እኔም አቆማለሁ፤ ሐኪሟ ያዘዘችኝም ያንኑ ያህል ነው። ሸሚዜን መጀመሪያ በቀኝ ክንዴ፣ ቀጥሎ በግራዬ ለበስኩ። ሻይ በዳቦ ቀመስኩና በሩን ቆልፌ ወደ አስፋልቱ ወጣሁ። የቀኙ ዳር መቀመጫ ክፍት የሆነ እስካገኝ ድረስ የመጡትን ባጃጆች አሳለፍኩ።

የቀኝ ትከሻዬ ይወልቃል። መጀመሪያ የወለቀው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ፣ መረብ ኳስ ስጫወት ኳስ ላድን ተወርውሬ ስወድቅ ነው። ከዚያ ወዲህ አጥሩ በየት በኩል እንደተቀደደ ያወቀች ፍየል ሆኗል፤ ደህና ውሎ ውሎ ዞር ስል የለም። አንዳንዴ በራሱ ይመለሳል፤ አንዳንዴ መለመን አለበት። አሁን አርባ አራት ዓመቴ ነው። ኳሱን ተዪው ያላለኝ ሰው የለም። አትተዪ ያለችኝ ሐኪሟ ብቻ ናት። "አጥንቱን የሚይዘው ጡንቻ ነው። ቁጭ ካልሽ ይላላል፤ ከላላ ደግሞ ስታዛጊም ይወልቃል" አለችኝ። ስለዚህ እጫወታለሁ፤ ግን ክንዴን ከራሴ በላይ አልወረውርም። ከኋላ መሥመር ቆሜ የመጣውን ኳስ በሁለት ክንዴ እቀበላለሁ። ሰርቭ ስመታም ከታች፣ ሕፃናት እንደሚመቱት ነው።

ችግሬ ኳስ አይደለም። ችግሬ ሰላምታ ነው።

የአሶሳ ሰው ሰላም ሲባባል ቀኝ እጁን ለቀኝ እጅ ይሰጥና ሳብ አድርጎ ትከሻ ለትከሻ ይጋጫል። ለትውውቅ አንዴ፣ ለወዳጅነት ደጋግሞ፤ ናፍቆት ካለበት ማቆሚያ የለውም። ከወሎ የመጣውም፣ ከወለጋ የመጣውም፣ በርታውም፣ ሺናሻውም በዚህ አይለያዩም። ፍቅር የሚለካው በጉልበት ነው፤ ቀስ ብሎ የገጨ ሰው ቂም የያዘ ይመስላል። ለእኔ ትከሻ ደግሞ ከልብ የሆነ አንድ "እንዴት ከርመሻል" ከሙሉ ጨዋታ ይብሳል። ለሐኪሟ ይህን ስነግራት ትንሽ አሰበችና "ይሄ እንኳ በተማርኩበት መጽሐፍ የለም" አለች።

ባለቤቴ ሰራዊት ለዚህ መላ ነበረው። አብረን ስንሄድ ሁልጊዜ በቀኜ ነው የሚሄደው። እጁን ዘርግቶ ወደ እኔ የሚመጣ ሰው ሲያይ ቀደም ይልና የራሱን ትከሻ ይሰጣል። "ጉምሩክ ነኝ። ለእሷ የመጣ ሰላምታ በእኔ በኩል ተፈትሾ ነው የሚያልፈው። በቀኝ በኩል ሰላም አይባልም" ይላል። ሰዉ እየሳቀ ደጋግሞ ይገጨዋል፤ አንዱ ለእሱ፣ አንዱ ለእኔ። የበዓል ሰሞን ትከሻው ይበልዝ ነበር።

ሰራዊት ከሁለት ዓመት በፊት ሞተ። ስለ እሱ ይህ ይበቃል።

ያ ጠዋት ሰኞ ነበር። ለቅዳሜ የሠራተኞች የሴቶች መረብ ኳስ የፍጻሜ ጨዋታ አለብን፤ ከሆሞሻ ከሚመጡ መምህራን ጋር። ሽልማቱ ዋንጫና አንድ ሙክት ነው። ከባጃጅ ወርጄ የመሥሪያ ቤታችን በር ላይ ስደርስ ከወሊድ ፈቃድ የተመለሰችው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አገኘችኝ። "ወርቅዬ!" ብላ ሳበችኝ። ትከሻዬ ወጣ ብሎ አካባቢውን አይቶ ተመለሰ። ድምፅ አላሰማሁም፤ ግን ሙላው ከንብረት ክፍል መስኮት ፊቴን አይቶ ኖሯል።

ሙላው የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነው፤ ከሥራ በኋላ አሠልጣኛችንም ወጌሻችንም እሱ ነው። ወላጆቹ በሰፈራ ከወሎ የመጡ ናቸው። እሱ አሶሳ ይወለድ እንጂ አነጋገሩ ገና ከደሴ አልወጣም። የወጌሻ ቦርሳው ውስጥ በፌስታል የተቋጠረ በረዶ፣ የሚያቃጥል ቅባትና አንድ ሎሚ አለ። ሎሚው ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ብጠይቀው "ለሁሉም" አለኝ።

"አንቺ ሴትዮ፣ ወለቀ አይደል?" አለኝ ኮሪደሩ ላይ ጠብቆ።

"አልወለቀም። ዞር ብሎ ነው።"

"ዞር ብሎ የት ሊሄድ? ስሚኝ የወርቅውሃ። እስከ ቅዳሜ ማንንም በትከሻ ሰላም አትዪም። አንዴ ከወለቀ ወላሂ አላሰልፍሽም። ቤዚን ነው የማስገባት።"

"ቤዚ ኳስ ሲመጣ ጎንበስ ትላለች።"

"ትበል፣ ተዪያት። ከወለቀች የወርቅውሃ ጎንበስ ያለች ቤዚ ትሻለኛለች። አብሽሪ፣ ቅዳሜ ሩቅ አይደለም።"

ቤዚ የሒሳብ ክፍል ልጅ ናት። ጥፍሯ ረጅም ነው፤ በመረብ ኳስ ላይ ያላት አቋም ጥፍሯ እንዳይሰበር ብቻ ነው። እሷ ከገባች አምስት ሆነን ተጫወትን ማለት ነው።

ለእኔ ግን ነገሩ የዋንጫ ብቻ አልነበረም። ከሁለት ዓመት ወዲህ የትም ብሄድ ሰው ራሱን ዘንበል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እንዴት ነሽ?" ይለኛል። ሜዳ ውስጥ እንዲህ የሚል የለም። ሜዳ ውስጥ "የኔ!" ነው፤ "ልቀቂው!" ነው፤ "ምን አፍዝዞሽ ነው!" ነው። ሙላው ከዳር ቆሞ ሲሰድበኝ እንደ ሌሎቹ ሴቶች እኩል ነው የሚሰድበኝ። ይህን ለቤዚ መልቀቅ አልፈለግሁም።

መጀመሪያ ፋይል ታቅፌ መዞር ጀመርኩ። እጁ ለሞላ ሰው ሰላምታ በአንገት ይቀራል ብዬ ነው። የአሶሳን ጨዋነት ረስቼዋለሁ። ያገኘኝ ወንድ ሁሉ "ኧረ አምጪ ልያዝልሽ" ብሎ ፋይሉን ይቀበለኝና ባዶ በቀረው እጄ ሰላም ይለኛል። ቀጥሎ እጄን አርጥቤ ሞከርኩ። እጁ የረጠበ ሰው አንጓውን ነው የሚሰጠው፤ አንጓዬን ሰጠሁ። አንጓ ለመሳብ ከእጅ ይልቅ የሚመች ኖሯል። ክንዴን በሻሽ እንዳላንጠለጥለው ደግሞ ጠያቂ ይመጣል፤ ሙዝና ስኳር ይዞ፣ ሳሎኑን ሞልቶ፣ እያንዳንዱ "እስቲ ልየው" እያለ ሊነካው። ሳሎኔ በሰው ተሞልቶ ማየት አልፈልግም።

መላውን ያገኘሁት ከነዕማ ነው። ነዕማ ሜዳ ላይ ለአጥቂዎቻችን ኳስ የምታነሣልን፣ ቢሮ ውስጥ ደግሞ ጠረጴዛ የምትጋራኝ የበርታ ሴት ናት። ባዕድ ወንድ ስታገኝ ቀኝ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ ትላለች፤ ኻላስ፣ አለቀ። ማንም አይስባትም። ማክሰኞ ጠዋት እኔም እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩ። ሠራ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ትከሻዬን የነካ ሰው አልነበረም።

ከምሳ በኋላ ነዕማ ሳቋን መያዝ አቅቷት መጣች።

"ወላሂ ጉድ ነው። አክስቴ ገበያ ላይ ያዘችኝና 'የወርቅውሃ ሰለመች ወይ?' አለችኝ።"

"ምን አልሻት?"

"'አይ፣ ትከሻዋ ነው' አልኳት።"

"እሺ?"

"'ትከሻዋ ብቻ ነው የሰለመው?' አለች።"

በማግሥቱ የጽዋ ማኅበራችን ሰብሳቢ ቢሮዬ ድረስ መጣች። ምንም አልጠየቀችኝም። አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አየች፣ እፎይ አለች፣ ከደስታዋ ብዛት እጄን ከደረቴ ላይ አላቅቃ በትከሻዋ ገጨችኝ። ትከሻዬ ወጣ ብሎ ገባ። በበሩ በኩል ሙላው ወንበር ተሸክሞ እያለፈ ስለነበር ፈገግ አልኩ። ጥርሴን ነክሼ ፈገግ ማለት ከሁለት ዓመት ወዲህ በደንብ ተለማምጃለሁ።

ሐሙስ ፈየራ አሶሳ ገባ።

ፈየራ የባምባሲ ልጅ ነው። እሱና ሰራዊት ቀያሾች ሆነው በየበረሃው በአንድ ድንኳን የኖሩ ጓደኛሞች ነበሩ። ኋላ ወደ ግልገል በለስ ተዛወረ። ሰራዊት የሞተ ሰሞን መንገዱ ዝግ ስለነበር ለቅሶ አልደረሰም። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ሐዘንተኛውን ባገኘበት ቦታ፣ ገበያም ይሁን ባንክ ቤት፣ እዚያው ይደርሳል። ይህ አንድ ነገር ነው። ሌላው ሰውነቱ ነው። ፈየራ ወደ ቤት ሲገባ በሩ ራሱ የሚጠብ ይመስላል። የሰራዊት ጉምሩክ የተቋቋመው በዋናነት ለእሱ ነበር።

ገበያው ጫፍ ላይ ሆኖ አየኝ። ሁለቱንም እጆቹን ዘረጋ።

"ኦቦሌቲ ኮ! እህቴ! እህቴን!"

አጠገቤ በቆመ ባጃጅ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። "ንዳ!" አልኩት ሾፌሩን።

"ወዴት?"

"ወደ ፊት።"

ትንሽ ነዳና በመስታወቱ አየ። "እትዬ፣ አንድ ሰውዬ እየሮጠ ነው።"

"አየሁት። ንዳ።"

"'እህቴ' እያለ ነው ኮ። እያለቀሰም መሰለኝ።"

"ንዳ ወንድሜ!"

"ኧረ ነውር ነው እትዬ!" ብሎ ባጃጁን አዞረው።

ፊት ለፊት ፈየራ እጁን እንደዘረጋ ሲመጣ አየሁ። በግራ በኩል ወርጄ በሽንኩርትና በበርበሬ መሀል ሮጥኩ፤ ማንጎ ከቆለሉት ሴቶች ኋላ ደርሼ ቁጢጥ አልኩ።

"ከማን ነው የምትሸሺው?" አለችኝ ባለማንጎዋ። "ጠብ ነው?"

"ሰላምታ ነው።"

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። "እንግዲያው ጠጋ በይ፤ ቀሚስሽ ይታያል" አለችኝ።

በክምሩ አናት ላይ የፈየራ ጭንቅላት ሲያልፍ አየሁ። ወዲያና ወዲህ አለ። መሐረብ አውጥቶ ፊቱን ጠረገ። ሙቀት ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ፤ በዚያ ወር አሶሳ ይሞቃል። ሲሄድ ወጣሁና ከሴትየዋ የማያስፈልገኝን ማንጎ ገዛሁ። ቤቴ የማንጎ ዛፍ አለኝ።

ቅዳሜ ሜዳ ስደርስ ሙላው እጆቹን እያፋተገ ተቀበለኝ። "አብሽሪ፣ ሁሉን ጨርሻለሁ" አለኝ። ለተጋጣሚዎቻችን፣ ለክብር እንግዶቹ፣ ድምፅ ማጉያውን ለያዘው ሰውዬ ሳይቀር "የወርቅውሃን ማንም እንዳይነካ" ብሎ ነግሯል። ያልነገረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ዳኛው እንዳያዳላ ተብሎ ከሌላ ከተማ፣ ከግልገል በለስ ነው የመጣው።

ፈየራ መረቡ አጠገብ ከቆመው የቀርከሃ መሰላል አናት ላይ ተቀምጧል፤ ፊሽካ አፉ ውስጥ ነው። ከመሰላሉ ሥር የሽልማቱ ሙክት ታስሮ ገመዱን ያኝካል።

"አምበሎች!" ብሎ ጠራ።

አምበሏ እኔ ነኝ። እግሬ ወደ ኋላ ሄደ። ነዕማ ግራ ክንዴን ያዘችና "ተቀመጥ፣ እኔ እሄዳለሁ" አለችኝ፤ ስትቸኩል "አንተ"ና "አንቺ" ይቀላቀልባታል።

"ምን ትይዋለሽ?"

"አምበላችን ዓይናፋር ነው እለዋለሁ።"

ምን እንዳለችው አላውቅም፤ ፈየራ ግን ከመሰላሉ ላይ ሆኖ ወደ እኔ ማየቱን አላቆመም። ኳስ በተቀበልኩ ቁጥር ፊሽካውን ይረሳል። የሆሞሻዎቹ አምበል ትዕግሥት የምትባል ምክትል ርዕሰ መምህርት ናት፤ ድምፅዋ የሰልፍ ድምፅ ነው።

"ዳኛው ያለቅሳል!" ብላ ጮኸች።

"ዳኛ አያልቅስ የሚል ሕግ አምጪ!" አለ ሙላው ከዳር።

"ኳሱ ውጪ ሲወጣ አላየውም ኮ!"

"እኛም ስናገባ አላየልንም፤ እኩል ነው የሚያለቅሰው!"

አንዱን ዙር እነሱ፣ አንዱን እኛ አሸነፍን። ሙክቱ ገመዱን በልቶ ጨርሶ ሜዳ ገባና ጨዋታው ቆመ፤ ሲያዝ ቀጠለ። ሙላው "ምን አፍዝዞሽ ነው የወርቅውሃ!" አለኝ፤ እንዴት ደስ እንዳለኝ። የመጨረሻው ዙር መጨረሻ ላይ አንድ ነጥብ ሲቀረን ሰርቩ የእኔ ሆነ። ኳሱን በግራ መዳፌ ላይ አስቀምጬ ጎንበስ ስል ተመልካቹ "የመዋዕለ ሕፃናት! የመዋዕለ ሕፃናት!" እያለ አጨበጨበ። ከታች መታሁት። ከሜዳው ዳር ማንጎ ዛፎች በላይ ወጣ፣ ፀሐይ ውስጥ ገብቶ ጠፋ፣ ቀስ ብሎ ተመለሰ። የሚወርደው በትዕግሥትና በአንዲት ወጣት መምህርት መሀል ነው። ሁለቱም ይደርሱበት ነበር። ወጣቷ አለቃዋን አየችና ቆመች።

"እርስዎ ይምቱ እትዬ።"

"ኧረ አንቺ ነሽ የቀረብሽው፣ ግቢ።"

"በፍጹም! እርስዎ እያሉ?"

ኳሱ መሀላቸው ወደቀ።

እልልታው ሲቀልጥ ሙላው እጆቹን ዘርግቶ ከፊቴ ቆመ። "ማንም እንዳይነካት! በእግዜር! በአላህ!" ነዕማ በቀኜ ተገተረች። የቡድኑ ሴቶች ዘለው ሊያቅፉኝ መጥተው እርስ በርሳቸው ተቃቀፉ። አምስት ቀን ሙሉ የሸሸሁት ነገር ያለፈ መሰለኝ። ያኔ ነው መሰላሉ ሲንቋቋ የሰማሁት።

ፈየራ ወርዶ ወደ እኔ መጣ። የሜዳው በር በስተግራዬ ክፍት ነበር፤ ጨዋታውም አልቋል፣ ሮጬ ማምለጥ እችል ነበር። ግን ፊሽካውን አፉ ውስጥ ረስቶታል። በተነፈሰ ቁጥር ይጮኻል። ሲቃ ሲይዘው አጠር አድርጎ፣ ሲተነፍስ ረዘም አድርጎ ይጮኻል፤ እሱ አይሰማውም። ሰው እየሳቀ ዞር ብሎ ያየዋል። እንዲህ ለሚመጣ ሰው ጀርባ መስጠት አልቻልኩም።

"ተዪው ነዕማ" አልኳት።

"ወላሂ ይወልቃል!"

"አውቃለሁ።"

ነዕማ ፈቀቅ አለች። ቀኝ እጄን ሰጠሁት። መጀመሪያ ለሰላምታው ገጨኝ፤ ትከሻዬ ቻለ። ቀጥሎ ለናፍቆቱ ገጨኝ፤ አሁንም ቻለ። ከዚያ በፊሽካው ውስጥ "ሰራዊትን! ወንድሜን!" ብሎ ሳበኝ።

"ዋይ!" አልኩ። ድምፄ ከራሴ ጆሮ በላይ ሄደ።

እንዲህ ሲሆን ምን ማድረግ እንዳለብኝ ሐኪሟ አስተምራኛለች። መሬት ላይ ቁጭ ማለት፤ ጉልበትን አጥፎ በሁለት እጅ ማቀፍ፤ ክንድን ዘርግቶ፣ አንገትን ቀና አድርጎ፣ ቀስ እያሉ ወደ ኋላ መንጋለል፤ አለመቸኮል። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ጉልበቴን አቀፍኩ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ አንገቴን ወደ ሰማይ አቅንቼ ወደ ኋላ ዘንበል፣ ትንሽ መለስ፣ ዘንበል አልኩ። ይህ ሁሉ ከሩቅ ለሚያይ ሰው ምን እንደሚመስል ሐኪሟም እኔም አላሰብንም ነበር።

በሰራዊት ቀብር ላይ እንባዬን ያየ ሰው አልነበረም። ከተማው ይህን ሲያነሣና ሲጥል ነው የከረመው። አሁን የጽዋ ማኅበራችን ሰብሳቢ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እየሮጠች ስትመጣ ሰማሁ። "አልቅሺ እህቴ! ይውጣልሽ!" አለች። ከኋላዋ ሌሎቹ ተከተሉ። እልልታው መሀሉ ላይ ዞረና ዋይታ ሆነ። የሆሞሻ መምህራን ሰራዊትን በመልክም አያውቁትም፤ ቢሆንም በተሸነፉበት ሐዘን ላይ ይኼ ሲጨመር አልቻሉም። ትዕግሥት በዚያ የሰልፍ ድምፅዋ "ወንድማለም!" አለች። የነዕማ አክስት እጇን አንሥታ ዱዓ ጀመረች። ድምፅ ማጉያው ዘፈኑን አቋረጠ።

"ትከሻዬ ነው" አልኩ። ማንም አልሰማኝም።

"ውድ ተመልካቾቻችን" አለ ድምፅ ማጉያው እየተንቀጠቀጠ፣ "የተፈጠረውን ከባድ ሐዘን ምክንያት በማድረግ የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት እናደርጋለን።"

የክብር እንግዶቹ ተነሡ፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሜዳው በሙሉ ጸጥ አለ። ሙክቱ አንዴ ጮኸ። ፈየራ አጠገቤ ተንበርክኮ በፊሽካው ያቃስታል። እኔ ቀስ ብዬ ተንጋለልኩ፣ ተንጋለልኩ፤ በዚያ ሁሉ ጸጥታ መሀል ትከሻዬ ቀጭ አለ።

"ገባ!" ብሎ ሙላው ሁለት እጁን ወደ ላይ ወረወረ።

የክብር እንግዶቹ ባርኔጣቸውን እንደያዙ ዞሩ። ሁሉም ወደ ሙላው አየ። "ትከሻዋ ነው ጀማው! ትከሻዋ ገባ!" አለ። መጀመሪያ የሳቀችው ነዕማ ናት። ከዚያ ትዕግሥት። ከዚያ ሜዳው ሁሉ። ወልቆ የነበረውን ትከሻ ያኔ ገና ያስተዋለችው ቤዚ ግን ራሷን ስታ ወደቀች፤ ሙላው ሎሚውን ከቦርሳው አውጥቶ አፍንጫዋ ሥር ያዘላት። ሎሚው ለምን እንደሆነ ያን ቀን አወቅሁ።

እኔም ሳቅሁ። ዓይኔ እርጥብ ነበር፤ ትከሻ ሲወልቅ ያስለቅሳል።

ፈየራ ፊሽካውን ከአፉ አወጣና ልክ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳየው ሰው እያገላበጠ ተመለከተው። "ነግሮኝ ነበር እኮ" አለ። "'በቀኝ በኩል ሰላም አይባልም' ሲለኝ ኖሮ፣ እኔ ከንቱ ረሳሁት።"

"አዎ" አልኩት። "ይል ነበር።"

ለቅሶ ሊደርስ የመጣን ሕዝብ ትከሻ ነው ተብሎ መመለስ አይቻልም። ተሰለፉ። ነዕማ እንደ ትራፊክ ፖሊስ ከፊቴ ቆማ "በግራ! ወላሂ በግራ ነው! አንተ ሰውዬ፣ በግራ!" እያለች አንድ በአንድ አሳለፈቻቸው። የግራ ትከሻዬ በዕድሜው እንደዚያ ቀን ሰላም ተብሎ አያውቅም። ከዚያ ወዲህም አሶሳ ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ ሰላም የሚለኝ በግራ ነው። ሙላው ለሚቀጥለው ዓመትም እንዳለሁ ነግሮኛል። ዋንጫው ከፋይሎቹ ቁም ሳጥን በላይ ተቀምጧል። ሙክቱ ተበልቷል።

ያን ቀን ፈየራ ቤቴ ድረስ በእግሩ ሸኘኝ። ድሮ ሦስታችን ስንሄድ እሱ ከግራዬ ነበር፤ አሁንም ሳያስበው በግራዬ ሄደ። ስለ መንገዱ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ሙክቱ አወራን። ሰዎች እየቆሙ በሱ በኩል ሰላም አሉኝ። ፀሐይዋ ከፊታችን ስለነበረች ጥላችን ከኋላችን ይከተለን ነበር፤ ዞሬ አላየሁም።

ትከሻዬ በቦታው ነው። በቀኜ የሚሄድ ሰው የለም።